ቆሎ ብዬ ግሩፕ የገባሁ ጊዜ

2015 ዓ.ም. ነበር፤ ሰባ አንድ ዓመቴ። ልጄ አሮጌ ስልኳን ሰጠችኝና ቴሌግራም ከፈተችልኝ። የድሮ የጦር አውሮፕላን ሰዎች የተሰባሰቡበት ግሩፕ አለ። ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ ያገኘሁት ጓደኛዬ ነው "ግባና እንጫወት፣ ሁላችንም እዚያ ነን" ያለኝ። እኔ አብራሪ አልነበርኩም፤ መካኒክ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩትም ወታደር ቤት ገብቼ ነው።

"አባባ፣ ዩዘርኔምዎን ምን ልበለው?"

"ስሜን ነዋ!"

ጻፈችው። "ተይዟል ይላል።"

"ማነው የያዘው? እናቴ ያወጣችልኝን ስም!"

"እኔ ምን ላድርግ? ሌላ ይምረጡ" ብላ ሳቀች።

በዚያ ግሩፕ ስም አወጣጥ ወግ አለው። አብራሪው ሲበር በራዲዮ ይጠራበት የነበረውን ስም ይጽፋል። ያንንም ራሱ አልመረጠውም፤ ጓደኞቹ ናቸው ያወጡለት፣ ብዙ ጊዜም ለማብሸቅ። መካኒኩ ደግሞ ይሠራበት የነበረውን አውሮፕላን የጭራ ቁጥር ይጽፋል። የእኔን ቁጥር ጽፌ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን በቁጥር ብቻ ማን ያስታውሰኛል? ማንስ "እንዴት ነህ" ይለኛል?

"ቆሎ ብለሽ ጻፊ" አልኳት። "ከኋላው ቁጥሩን ጨምሪ።"

ቆሎ የእኔ አብራሪ ነበር። ከኪሱ ቆሎ አይጠፋም። አውሮፕላን ውስጥ ያልታሰረ ትንንሽ ነገር ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ የሆነ ቦታ ይሰነቀርና ሰው ይገድላል። ስለዚህ መሰላሉ ሥር ኪሱን እጄ ላይ ያራግፍልኝ ነበር። ወንበሩ ላይ በቀበቶ የማስረውም እኔ ነኝ። በጦርነቱ ጊዜ አንድ ቀን አስሬው ወጣ፣ በዚያው ቀረ። አስከሬኑም አልመጣ፣ ተማረከ የሚል ወሬም አልመጣ። ከዚያ ወዲህ ያን ስም በራዲዮ የወሰደ አብራሪ የለም። ይህን አላውቅም ነበር አልልም፤ አውቃለሁ።

ገና ስገባ ግሩፑ ተንጫጫ።

"ቆሎ! አንተ ሰውዬ፣ ሰማይ ቤትም ኔትወርክ ገባ እንዴ?"

"ያለቀስንለት ሰው ዳታ ገዝቶ መጣ!"

የሚጽፉት አብራሪዎቹ ናቸው። በሥራ ዘመናችን ሰላምታዬን በቅንድባቸው ነበር የሚመልሱልኝ። እኔ መሆኔን መጻፍ ነበረብኝ፤ አልጻፍኩም። የምትስቀዋን ምስል ላክሁና ኮልፌ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ከሰዓቱን ሙሉ ስስቅ ዋልኩ። ምን ይዋሻል፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ በዚያው በቴሌግራም ስልኩ ጠራ። አነሣሁት።

"አንተ ነህ?" አለች አንዲት ሴት።

ድምጿን አወቅሁት። የቆሎ ሚስት ናት። ያኔ ለቅሶው ላይ እጄን ይዛ "ስታስረው ምን አለህ?" ብላ ጠይቃኛለች። ሌላ ሳታገባ እንደቀረች ሰምቻለሁ፤ ግሩፑ ውስጥ መኖሯን ግን አላወቅኩም።

"ስሙ ያንተ፣ ቁጥሩም የዚያን ቀን የወጣህበት። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? የት አገር ነህ? አግብተህም ከሆነ አልቆጣህም። ተናገር ብቻ።"

"መካኒኩ ነኝ" ማለት ሁለት ቃል ነው። እሱን እንኳ ሳልላት ዘጋሁባት። እንደገና ደወለች፤ ስልኩን ትራስ ሥር ሸጎጥኩት። ይህን ያደረገ የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነው።

ልጄ ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ወዲያው ስሙን ቀየረችው። "አሁኑኑ ይደውሉና ይቅርታ ይበሏት።"

"በስልክ አይሆንም።"

"ታዲያ እኔ ልደውልላት?"

"አንቺም አትደውይም! ፊት ለፊት ነው የምነግራት።"

"አይ አባባ፣ ግትርነትዎ! ሴትዮዋ እኮ እየጠበቀች ነው!"

እውነቷን ነው። ጨዋነት መስሎኝ አንድ ሌሊት ጨመርኩባት። እራት ቀርቦልኝ አልበላሁም።

በማግስቱ ጠዋት ቤቷን ከጓደኛዬ ጠይቄ፣ ከአየር ጤና ታክሲ ይዤ ቤቴል ወረድኩ። በሩን አንኳኳሁ። ራሷ ከፈተች። ፀጉሯን ተሠርታለች፣ የክት ልብሷን ለብሳለች። በዓይኗ እኔን አልፋ ከኋላዬ መንገዱን አየች።

"ብቻዬን ነኝ" አልኳት። "ትናንት ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ስሙን የጻፍኩትም እኔ ነኝ።"