ዛፉ ሥር የፈሰሰው ማር

ቦንጋ ገበያ ውስጥ ማር ሻጯ ባልዲዋን ስትከፍት የሰፈፉ ሽታ ድንገት አወደኝና ጎጀብ ወንዝ መሃል ያለችው ትንሽ ደሴት ትዝ አለችኝ።

ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ በመጣው በጋ ነው። ውኃው ጎድሎ ስለነበር አባዬ፣ እማዬና እኔ ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጥን ተሻገርን። ስንዋኝ፣ ዓሣ ስንጠብስ፣ ጥላ ሥር ስንጋደም ዋልን። አመሻሽ ላይ አባዬ ከኮባ ቅጠል ማር ሲፈታ ግን እማዬ ጫማዋን አወለቀች። ነጠላዋን አደግድጋ የመጀመሪያውን ማር ትልቁ ዛፍ ሥር አፈሰሰችና በካፊኖኖ፣ በአያቶቿ ቋንቋ፣ ታንሾካሹክ ጀመር። ያቺ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የማትቀረው እናቴ! አባዬ ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሯል።

«አባዬ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ተያት። ቤቷ ገብታ ነው።»

የምን ቤት? ዛፉን ደጋግሜ ዞርኩት፤ ከቅጠልና ከንብ በቀር ምንም የለም። እማዬ ስትመለስ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ግን ትስቃለች።

ዛሬም አልገባኝም። ሻጯ «ቅመሽው እንጂ» ብላ ማር ስትሰጠኝ፣ እጄ እኔን ሳያስፈቅድ መጀመሪያ መሬት ላይ ጠብ አደረገ።

«እማዬ፣ ለማን ነው?» አለች አብራኝ የመጣችው ልጄ።

ፊቴን ወደ ገበያተኛው አዞርኩ።