የማብሪያው ዘብ

ወርቃ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ስሠራ መፈልፈያ ማሽኑን የማጸዳው እኔ ነበርኩ። ማብሪያው መቆለፊያ የለውም። ስለዚህ እጄን ማሽኑ ውስጥ ከትቼ የተሰገሰገውን የቡና ልጣጭ ስጎለጉል፣ ሽማግሌው ጥበቃ ወንበራቸውን ማብሪያው ሥር አድርገው በጀርባቸው ይከልሉታል። በዚህች ዘዴያችን እንኮራባት ነበር!

አንድ ቀን እጄ ማሽኑ ውስጥ እንዳለ የጣቢያው ባለቤት ሳይታሰብ ከች አለ። ሽማግሌው «ኖር!» ብለው ብድግ አሉ። በልጃቸው ዕድሜ ነው እኮ! እሱም ደንግጦ፣ «በእግዚአብሔር! አባባ ይቀመጡ!» አላቸው።

«እርስዎ ካልተቀመጡ አልቀመጥም» አሉ።

«በጭራሽ! እርስዎ ቆመው?»

ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ወንበሩን ሲገባበዙ የባለቤቱ ክርን ማብሪያው ላይ አረፈ። ማሽኑ አጓራ። እኔም አጓራሁ። የሁለት ጣቶቼ ጫፍ ከልጣጩ ጋር ሄደ።

ዲላ ሆስፒታል ተኝቼ፣ ያ ባለቤት ፊቴ ቢመጣ ምን እንደምለው ሳሰላስል ሰነበትኩ። ስድቡን በአማርኛም በጌዴኦኛም አሰናድቼ ጨርሻለሁ። በመጨረሻ ብርቱካን አንጠልጥሎ በሩ ላይ ብቅ አለ።

እኔ ሆዬ፣ በፋሻ የተጠቀለለ እጄን ታቅፌ ከአልጋዬ ብድግ አልኩና፣ «ኖር!»