አበባ የሞላው ጥምጥም

ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ ቅዳሴ ወጥቼ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ወደ ቤት ስገባ፣ የልጅ ልጄ ማርታ ከአዳማ ገበያ የገዛችውን ሐብሐብ ቆርጣ አቀረበችልኝ። የበጋው ነፋስ በሩን እያንገጫገጨ አቧራውን እስከ ምንጣፉ ያስገባ ነበር፤ የሐብሐቡ ቅዝቃዜ ገና ሳልቀምሰው ተሰማኝ። እኔ ግን ከአባቴ የወረስሁት አንድ ልማድ አለኝ። ከመብላቴ በፊት ከፍሬው መካከል ጥቂት ዘር ለይቼ አስቀምጣለሁ። የምዘራበት መሬት የለኝም፤ እንዲሁ ልማድ ነው። በቢላዋው ጫፍ ብፈልግ ብፈልግ ከነጭና ለስላሳ ቅርፊት በቀር ያገኘሁት ነገር የለም።

«ዘር የለውም እኮ አባባ» አለችኝ ማርታ እየሳቀች። «አሁን አሁን እንዲህ ያለው መጥቷል። ዝም ብለው ይብሉት።»

አሁን አሁን ስትል ጆሮዬ ጋለ። ሽበት የወረሰው ሰው በአንድ ቁራጭ ሐብሐብ ፊት የሚያፍርበትን ምክንያት ለልጅ እንዴት ያስረዳል? ቁራጩን ወደ ሳህኑ መለስሁት።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን ነው። ያን ጊዜ አዳማን ናዝሬት እንላት ነበር። አባቴ መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። የቤተ ክርስቲያኑ መሬት በተወረሰ ጊዜ የአገልጋዮቹ ቀለብ አብሮ ተቋረጠ፤ ደቀ መዛሙርቱም እንጀራቸውን ፍለጋ ተበተኑ። አባቴም ከሶደሬ መንገድ በታች፣ አዋሽ ዳር ባለ አንድ የመንግሥት እርሻ በዘበኝነት ተቀጠሩ። እኔ በዲቁና ያደግሁ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበርሁ፤ በዚያው እርሻ የመስኖ ሠራተኛ ሆኜ አካፋ ይዤ የቦዩን ውኃ ከትልም ወደ ትልም እመራ ነበር። በማኅሌት ቆመው ሕዝብ የሚያዳምጣቸው ሰው አሮጌ ካፖርት ለብሰው ቲማቲም ሲጠብቁ ማየት ከበደኝ። እርሳቸውን የከበዳቸው አይመስልም። ነጩን ጥምጥማቸውን እንደ ወትሮው አሳምረው ጠምጥመው፣ ጸሎታቸውን እየደገሙ ማለዳ ማለዳ ማሳውን ይዞሩ ነበር።

በእርሻው ገመቹ የሚባል የአቦምሳ ልጅ ነበር፤ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ቶሎ የሚስቅ ባለሙያ። ዘር አልባ ሐብሐብ እንዲሞክር አንድ ማሳ ተሰጥቶት ነበር። ዘሩ ቅርፊቱ እጅግ ወፍራም በመሆኑ በቀላሉ የሚበቅል አልነበረም። ገመቹ የእያንዳንዱን ዘር ጫፍ በጥፍሩ እየከፈተ፣ በእርጥብ ጨርቅ እየጠቀለለ፣ እንደ ሕፃን እየጠበቀ ነው ያበቀለው። የእርሻው ካድሬ ጓድ ታደሰ ደግሞ በየካቲት መጨረሻ ከአዲስ አበባ እንግዶች እንደሚመጡ ነግሮት፣ «ፍሬ ከሌለ አሻጥር ነው፤ አሻጥር ደግሞ ባለቤት አለው» ብሎት ነበር። ይህ የቀልድ ንግግር አልነበረም። ከገመቹ በፊት የነበረው ባለሙያ ጥጡን ተባይ በበላው ጊዜ በመኪና ተወስዶ የት እንደ ደረሰ የሚያውቅ አልነበረም።

ከዕለታት በአንዱ፣ ታኅሣሥ ውስጥ፣ ቆሎዬን እየቆረጠምሁ ቦይ ዳር ተቀምጬ ሳለሁ አባቴ እጃቸው አፈር እንደ ሆነ ወደ ገመቹ ሲመጡ አየሁ። ፊታቸው ያበራ ነበር።

«ገመቹ ልጄ፣ እርሻህን አጠራሁልህ።»

«ከምን አጠሩልኝ አባባ?»

«ከእንግዳው ዘር ነዋ! ዞሬ ዞሬ ሳይ ሁለት ዓይነት ነው የበቀለው። አንዱ ቅጠሉ ወፍራም፣ ጠቆር ያለ፤ ሌላው የሳሳ። በአንድ እርሻ ሁለት ዓይነት ዘር እንዳይዘራ በሕገ ኦሪት ተከልክሏል። አንተ አልተሳሳትህም፤ ከረጢቱ ውስጥ ተደባልቆ ይሆናል። የሳሳውን አንድ ሳላስቀር ነቀልሁት።»

ገመቹ ትልሙ ላይ ተቀመጠ። «የት አደረጉት?» አለ ቀስ ብሎ።

«ለፍየሎቹ ሰጠኋቸው። ወደዱት።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይሳደብ ነበር። ገመቹ ግን አባቴን ከጎኑ አስቀምጦ፣ በስንጥር መሬት ላይ እየጫረ ያስረዳቸው ጀመር። እኔም ውኃውን ትቼ ቀረብሁ። በማናቸውም ተክል ገላ ውስጥ፣ በዓይን የማይታዩ ክሮች አሉ አለ፤ ክሮሞሶም ይባላሉ፤ ተክሉ ምን እንደሚሆን የተጻፈው በእነርሱ ላይ ነው። አንዱ ወገን ከአባት፣ አንዱ ወገን ከእናት ይመጣል፤ ዘር ሲሠራም ሁለቱ ወገኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው እኩል ይካፈላሉ። ሊቃውንቱ በመድኃኒት የአንዱን ሐብሐብ ክሮች እጥፍ አድርገው አራት ወገን ያደርጉታል። ያንን ከተራው ጋር ሲያዳቅሉት ልጁ ሦስት ወገን ይዞ ይወለዳል። ቅጠሉ የወፈረው፣ አረንጓዴው የጠቆረው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስቱን ግን እኩል ለሁለት መክፈል ስለማይቻል ዘር አይሠራም።

አባቴ አገጫቸውን በዱላቸው ላይ አሳረፉ። ከዚያም፣ «ገባኝ» አሉ። «ማኅሌት ስንቆም በቀኝና በግራ እንከፈላለን። ቀኙ ሲመራ ግራው ይቀበላል። ሦስተኛ ረድፍ መካከል ገብቶ ቢቆም ማን ከማን ይቀበላል? ድምፁ ይበዛል፤ ዜማው ግን ይፈርሳል።»

«ልክ እንደዚያ ነው አባባ» አለ ገመቹ በመገረም። «ሙዙም እኮ ባለ ሦስት ወገን ነው። የምንበላው ሙዝ ዘር ኖሮት ያውቃል?»

«አላውቅም። ጠይቄም አላውቅ።» አባቴ መሬት ላይ የተጫረውን አዩና፣ «ታዲያ የነቀልሁት ምን ነበር?» አሉ።

የነቀሉት ተራውን ሐብሐብ ነበር፤ ሆን ተብሎ በየመካከሉ የተተከለውን። ባለ ሦስቱ የራሱ አበባ ፍሬ ሊያስይዘው አይችልም፤ ንቦች ከተራው አበባ ዱቄቱን ካላመጡለት ሴቴው አበባ ደርቆ ይወድቃል። አዲስ ቢዘራም አበባው ለሰዓቱ አይደርስም። አባቴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው አመድ መሰለ። የአባቴን አንገት እንዲህ ተሰብሮ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ንቦቹ የሚሠሩትን ሰው አይሠራውም?» አሉ በመጨረሻ።

ገመቹ ቀና አለ። ይቻላል አለ፤ ነገር ግን አበባው ማለዳ ተከፍቶ ፀሐይ ስትበረታ ስለሚጠወልግ ፈጣን እጅ ይፈልጋል። ለካድሬው ነግሮ ሠራተኛ መጠየቅም አይቻልም፤ ምክንያቱን ይጠይቃል። «የነቀልሁት እኔ ነኝ፤ እጅም አለኝ» ብለው አባቴ ተነሡ።

ማሳው ማበብ ሲጀምር፣ ከአጥሩ ማዶ ራቅ ብሎ ተራ ሐብሐብ የሚያለማው ኦቦ ቱፋ አበባውን በነፃ ፈቀደላቸው። «አካም ቡልታን፣ እንዴት አደሩ መሪጌታ!» ይላቸው ነበር በየማለዳው፤ «ዛሬም ለሰርጉ መጡ? ፍሬ የማይዙትን ወንዴዎቹን ብቻ ይውሰዱልኝ!» የመጀመሪያው ቀን አባቴ አበባውን በቆርቆሮ ጣሳ ቢይዙት ተጨፈለቀ። በሁለተኛው ቀን ያደረጉትን ሳይ አካፋዬ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ጥምጥማቸውን ፈትተው፣ በጨርቁ ላይ ቢጫውን አበባ ዘርግተው፣ እንደ ሕፃን አቅፈው፣ ራሳቸውን ገልጠው በሠራተኛው መካከል መጡ። ከቤተሰብ በቀር ያን ሽበት ያየ ሰው አልነበረም። ከዚያም ከትልም ትልም እየተንበረከኩ፣ ከሥሯ ትንሽ ክብ ሆድ ያላትን ሴቴ አበባ እየፈለጉ፣ ወንዴውን በሁለት ጣት ይዘው ቀስ አድርገው ይነኳት ነበር።

አራሚዎቹ ሴቶች ወገባቸውን ይዘው ሳቁ። አስካለ የምትባለው፣ ምላሷ የተሳለ፣ ከሁሉ ቀድማ፣ «አባታችን፣ በስተርጅና ሚዜ ሆኑ?» አለቻቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ፤ ሙሽሮቹ ብዙ ናቸው፣ ሚዜው አንድ!»

«ሙሽሪት የትኛዋ ናት ታዲያ?»

«ሆድ ያላት ናት።»

«ኧረ! ሰርጉ ሳይደርስ?»

ሳቁ እስከ ፓምፑ ድረስ ተሰማ። አባቴም አብረው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ከቦዩ ማዶ ቆሜ ፊቴ ይቃጠል ነበር። አባቴ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ና እስቲ ልጄ፣ ጨርቁን ያዝልኝ፤ ሁለት እጅ አላነሰኝም?» አሉ። ቦዩ ጠባብ ነበር፤ በአንድ እርምጃ ይታለፋል። «ውኃው ይሞላብኛል» አልሁ። ውኃው በሰላም ይወርድ ነበር። እርሳቸውም ውኃውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጎንበስ ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። አስካለ ማረሚያዋን ጥላ ሄዳ ጨርቁን ያዘችላቸው። ከዚያ ወዲያ በማለዳው ሥራ ሁሉ ጨርቁን የምትይዘው እርሷ ሆነች፤ እኔም አበባው እስኪያልቅ ድረስ ከቦዩ ማዶ የሚሠራ ነገር አላጣሁም።

ፍሬው ያዘ። ብዙ ነው ልል አልችልም፤ ግን ያዘ። ገመቹ የመጀመሪያዋን የጡጫ ያህል ያበጠች ፍሬ ሲያይ አባቴን አቅፎ አለቀሰ።

እንግዶቹ የመጡት ረቡዕ ቀን ነው። ሐብሐቡ በዝቶ እንዲታይ ገለባ ላይ ከፍ ተደርጎ ተከመረ። ጓድ ታደሰ ትልቁን ቆርጦ ሁለቱን ግማሾች አነሣና፣ «ዘር የለውም!» ሲል ተጨበጨበ። ከእንግዶቹ አንዱ እንዴት እንደ ተሠራ ቢጠይቅ፣ ገመቹ ካድሬው ሳይቀድመው፣ «በእጃቸው ፍሬ ያስያዙት እኚህ አባት ናቸው» ብሎ አባቴን ወደ ፊት ሳበ። አባቴ ያን ጥምጥም ጠምጥመው ነበር። የአበባው ቢጫ በሳሙናም በእንዶድም አልለቅ ብሎ፣ ነጩ ጨርቅ ዙሪያውን እንደ ዛገ ሆኗል። እንግዶቹ እርስ በርሳቸው ተያይተው ፈገግ አሉ። ጓድ ታደሰም ነገሩን ሳይመረምር ሳቀና፣ «አብዮቱ ቄሱንም ገበሬ አደረጋቸው!» አለ። ገመቹ ዳነ። እኔ ግን ከሕዝቡ ኋላ ሆኜ ያችን ዝገት የመሰለች ጥምጥም ብቻ ነበር የማየው።

ለአባቴ አንድ ትልቅ ቁራጭ ደረሳቸው። የጾም ቀን ስለ ነበር አልቀመሱትም፤ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው አኖሩት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ አራሚዎቹ ውኃ ሊጠጡ ቦዩ ዳር ተሰብስበው ሳለ፣ ይዘውልኝ መጡ። ከማዶ ቆመው ለሁለት ገመሱና ትልቁን ግማሽ ወደ እኔ ዘረጉ። «እስካሁን አልቀመስሁትም፤ አብረን እንብላ ብዬ ነው» አሉ። አስካለና ጓደኞቿ ያዩን ነበር። የተዘረጋው እጅ ጣቶቹ ቢጫ ነበሩ፤ የፍሬው ውኃ በክርናቸው ይወርዳል።

«ጠግቤያለሁ አባቴ» አልሁ።

አልተቆጡም። ከማዶ ተቀመጡና በጣታቸው ከፍሬው መካከል ዘር ፈለጉ፤ የደህና ፍሬ ዘር በነጠላቸው ጫፍ መቋጠር ልማዳቸው ነበርና። ነጩን ቅርፊት ብቻ አገኙ። «አዬ» አሉ ለራሳቸው፤ «ይህ የሚያስቀረው የለውም። በየዓመቱ አበባ የሚያመጣለት ሰው ይፈልጋል።» ከዚያም ሁለቱንም ግማሽ ቀስ ብለው ለብቻቸው በሉ።

አባቴ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ጥምጥሙን እስከ መጨረሻው አልለወጡም፤ በበዓል ቀን እንኳ ያንኑ ጠምጥመው ማኅሌት ቆመዋል፤ ለሚጠይቃቸውም ስሕተታቸውን ራሳቸው እየሳቁ ይተርኩ ነበር። ባደረጉት አላፈሩም ማለቴ አይደለም፤ አፍረዋል። ነገር ግን የእርሳቸው ኀፍረት ማለዳ ተነሥቶ ይሠራ ነበር። የእኔው ቦይ ዳር ቆሞ ቀረ። ለንስሐ አባቴ ነግሬ ቀኖናዬን ፈጽሜአለሁ፤ እግዚአብሔርም ይቅር እንዳለኝ አምናለሁ። ጆሮዬ ግን እስከ ዛሬ ይግላል።

«አባባ፣ አይበሉም እንዴ?» አለች ማርታ። ሳህኑ ላይ የመለስሁትን ቁራጭ አንሥታ ወደ እኔ ዘርግታ ነበር፤ ውኃው በእጅ አንጓዋ እየወረደ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል። «ይያዙልኝ እንጂ፤ አፈሰስሁት እኮ!»

ተነሥቼ በሁለት እጄ ያዝሁላት።