ስሙን የማላውቀው በሬ

«በደርግ ጊዜ ባለሥልጣን ፊት ማን ትንፍሽ ይል ነበር?» አለ ዛሬ እዚህ ጎሮ፣ የዕድራችን ስብሰባ ላይ አንድ ጎረምሳ። እኔ ብያለሁ!

ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ ስናገር ልጄ አስቴር ትጽፋለች።

ያኔ ጎሮ እርሻ ነበር፤ እኔም የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነበርኩ። ከብቶቻችን በበሽታ እያለቁ ሳለ፣ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን የማኅበሩን እድገት ሊያዩ ይመጣሉ ተባለ።

የወረዳው ካድሬ ከሌላ ቀበሌ የሰቡ በሬዎች አስነድቶ በረታችን አስገባ። «የማኅበሩ ናቸው ትላለህ። ካበላሸህ እስር ቤት ትከርማለህ» አለኝ።

ባለሥልጣኑ መጡ። ለካ የገበሬ ልጅ ናቸው! አንዱን በሬ ጠቁመው «እስቲ በስሙ ጥራው» አሉኝ።

የራሴ በሬ ቡሬ ቢሆን ስጠራው ከሜዳው ማዶ ቀና ይላል። የዚህን ስም ከየት ላምጣ? ካድሬው ከኋላቸው ዓይኑን አፈጠጠብኝ።

«ጓድ፣ በሬው የሰው ነው። የእኛዎቹ እየሞቱ ነው። ሐኪም ይላኩልን» አልኩ።

«ጓድ፣ ይህ ሰው ጤና የለውም!» አለ ካድሬው።

ባለሥልጣኑ ወደ እሱ ዞሩ። «እንግዲያው አንተ ጥራዋ!»

ካድሬው ኮፍያውን ማስተካከል ያዘ። በሬውም ማመንዠኩን አላቋረጠም።

በማግስቱ ከሊቀመንበርነት አወረዱኝ። በሳምንቱ የከብት ሐኪም መጣ፤ ቡሬም ዳነ። ሹመቱን ይብሉት!

እናንተስ ለእንግዳ ሲባል የሌላችሁን «አለን» በሉ ተብላችሁ ታውቃላችሁ? ምን መለሳችሁ? ጻፉ፣ አስቴር ታነብልኛለች። የሚዋሽ ግን የበሬውን ስም ይዞ ይምጣ።