የጋሽ ሰይፈሥላሴ የጆሮ ድንጋይ

ሱቄ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ሚኒባሶቹ ዞረው ከሚሰለፉበት ፊት ለፊት ነው። ትርንጎ እባላለሁ። ከሱቄ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ፎቶ ቤት የጋሽ ሰይፈሥላሴ ነው። ፎቶ ቤት ልበለው እንጂ አሁን ማን ይነሳበታል? ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ነው የሚዞረው። ድሮ ግን ከዚህ እስከ ቀራንዮ ድረስ የተዳረ ሙሽራ ሁሉ እሳቸው ካሜራ ፊት ቆሟል። የእኔንም ሰርግ ያነሱት እሳቸው ናቸው። ባሌ ዓይኑን ጨፍኖ ወጣ፤ ጥፋቱ ግን የባሌ ነው።

ሰርግ ሲሄዱ ባለቤታቸው እትዬ አስካለማርያም ፍላሹን ከፍ አድርገው ይዘው ከጎናቸው ይቆማሉ። ፍላሽ እየሞላ ሳለ ቀጭን ፉጨት አለው፤ ሞልቶ ሲያበቃ ፉጨቱ ይጠፋል። የዚያ ፍላሽ ምልክት መብራት ከተቃጠለ ቆይቷል፤ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ደግሞ ጆሯቸው ከልጅነታቸው ደካማ ነው፤ ማዳመጫ ቢያደርጉም ቀጭን ድምፅ አይሰሙም። ስለዚህ የሚያዳምጡት እትዬ አስካለ ነበሩ። ፉጨቱ ሲጠፋ አንድ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀጥ ያደርጋሉ። ደረሰ ማለት ነው። ጋሽ ሰይፈሥላሴም ያኔ ይተኩሳሉ። እንዲህ እያሉ አብረው አረጁ።

ባለፈው ክረምት እትዬ አስካለ ልባቸው ታመመና ቀዶ ጥገና ታዘዘላቸው። ሆስፒታል ሊገቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

«ሰይፉ፣ የኮልፌን ሙሽራ ሁሉ አነሳህ፤ እኔን ግን አንድ ቀን አላነሳኸኝም። ብሞት ለቅሶዬ ላይ የመታወቂያዬን ፎቶ አጉልታችሁ ልትይዙ ነው?» አሉ።

ጋሽ ሰይፈሥላሴ አንገታቸውን ደፉ። ስልኬን አውጥቼ «እኔ ላንሳዎት እትዬ» ብል፣ «ፍላሹን ስሸከምለት የኖርኩት ካሜራ እያለ? አይሆንም» አሉኝ። ሄደውም ሙሽሮች የሚነሱበት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ፊልም ነበራቸው፤ ፍሪጅ ውስጥ ከሽሮ ዕቃው ጎን ያስቀመጧት አንዲት ፊልም። ካሜራውና ፍላሹ ግን ከቁም ሣጥን ሲወጡ ሁለቱም ድምፅ አልነበራቸውም። ፍላሹን ሲከፍቱት ከመጨረሻው ሰርግ ጀምሮ ውስጡ የተረሱት የባትሪ ድንጋዮች ፈሰው፣ ብረቱ ሁሉ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል።

«ድንጋይ ሲረሳ ያለቅሳል» አሉ ጋሽ ሰይፈሥላሴ።

«ያስለቀሱትማ እርስዎ ነዎት!» አልኳቸው። ምን ላድርግ፣ አላስችል አለኝ። የደከመውን ድንጋይ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ እያሞቁ፣ ሁለት አሮጌ ከሁለት አዲስ ጋር እየቀላቀሉ ነው የኖሩት። አዲሱ አሮጌውን ያነሳዋል ይላሉ። እኔ ጎናቸው ድንጋይ እየሸጥኩ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ያን ቀን ግን አልተከራከሩኝም። በክብሪት እንጨት ጥጥ ጠቅልለው፣ ሎሚ ነክረው ብረቱን እስኪያበራ ጠረጉት፣ አደረቁት። ከሱቄ አራቱንም አዲስ አመጣሁና ከተቱ። ፍላሹ ወዲያው አልነቃም። «ብዙ የተኛን ቀስ ብለው ነው የሚቀሰቅሱት» ብለው አብርተው ተዉት። ቆይቶ ማፏጨት ጀመረ። እትዬ አስካለ ከወንበራቸው ሆነው ፈገግ አሉ።

የቀረው ካሜራው ነው። እሱ የሚፈልገው የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ድንጋይ ነው፤ ያለሷ አይተኩስም፤ እኔ ሱቅም የለችም። ከሰዓት ሠሪው ያመጧት እሽጓ ሳይቀደድ የሞተች ሆነች። ቢጫኑት፣ ቢጫኑት ዝም። ቀኑም መሸ።

«ይቅር ሰይፉ» አሉ እትዬ አስካለ። «አላለልኝም» ብለው ለመነሳት ወንበሩን ደገፍ አሉ። ጋሽ ሰይፈሥላሴ አዩዋቸው። ከዚያ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ሰደዱና ማዳመጫቸውን አወጡ። በጥፍራቸው ከፈቱት፣ ውስጡ ያለችውን ድንጋይ በሸሚዛቸው ጠረጉና ካሜራው ውስጥ አስገቧት። ልክ ሆነች። ሲጫኑት ካሜራው ቀጭ አለ።

ፊልሙን አጎረሱት፣ ፍላሹን ካሜራው ላይ ሰኩት፣ ዓይናቸውን አስጠግተው አነጣጠሩ። እትዬ አስካለ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብለው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ፍላሹ አፏጨ፣ አፏጨ፣ ጠፋ። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ግን አልሰሙም፤ ጣታቸውን መጫኛው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። «ደርሷል!» ብዬ ጮህኩ። ለማን? ድንጋያቸው ካሜራ ውስጥ ናት። እንዲህ ግራ ሲገባኝ የእትዬ አስካለ እጅ ከጉልበታቸው ተነሳ፤ ጣታቸውም ወደ ላይ ቀጥ አለ። የዕድሜ ልክ ልማድ ነው። ፍላሹ ቦግ አለ።

ከዚያ በኋላ ያ ፍላሽ አላፏጨም። ሎሚም አዲስ ድንጋይም አላዳነውም።

«በቃ፣ ጣቴን ቀስሬ ልለቀስ ነዋ» ብለው እትዬ አስካለ ሳቁ። እኔ ግን ሱቄ ገብቼ አለቀስኩ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቀዶ ጥገናው ቀናቸው። እሳቸው ተኝተው ሳሉ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ፊልም የሚያጥብ ሰው ፈልገው አገኙ። ሙሽሮቹን ሁሉ ከመስኮቱ አወረዱና ያቺን አንዷን ሰቀሉ። እትዬ አስካለ ተሽሏቸው ከታክሲ ሲወርዱ መስኮቱ ፊት ቀጥ አሉ።

«ይሄንን ነው የሰቀልከው? አውርደውና ሌላ ፍላሽ ተውሰህ በወጉ አንሳኝ እንጂ።»

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ማዳመጫቸው ጆሯቸው ላይ ነበር።

«አላወርደውም» አሉ። «ያን ሁሉ ሰርግ ዞሬ አንድ ሙሽራ መልኩ ትዝ አይለኝም። ስጠብቅ የኖርኩት ይህቺን ጣት ነው።»

እትዬ አስካለ ጠጋ ብለው መስታወቱን በጣታቸው ዳበስ አደረጉ። ከዚያ «እንግዲያው መስታወቱን ወልውለው፣ አቧራ ጠግቧል» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።