በሽንሽን ቀሚስ የተደበቀች ልጅ

መቀስ የሚሏት ምላሷ ስለሚቆርጥ ነው እንጂ ልብስ ሰፊ ስለሆነችማ አይደለም። ልብስ ሰፊ በሰፈሩ ሞልቷል። የምትሠራበት የስፌት ፋብሪካ አለቃ ፊት ቆማ «ጌታዬ፣ ይሄ አንገትጌ ለሰው ነው ወይስ ለግመል?» ያለች ግን እሷ ብቻ ናት። አለቃው እንኳ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ፊቱን አዙሯል። ፋብሪካው የተዘጋ ቀን ግን የሳቀ አልነበረም። መቀስም ያን ቀን ምላሷ ታሰረ። መርፌዎቿን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ማንንም ሳትሰናበት ወጥታ ሄደች።

መከራ ሲመጣ ደግሞ ብቻውን መምጣት አይወድም መሰለኝ፣ በዚያው ሰሞን ባሏ ለሳኙ ግድግዳ ሲለስን ከመወጣጫው ላይ ወድቆ ወገቡን ተጎዳ። ያ በአንድ እጁ የሲሚንቶ ከረጢት የሚያነሳ ሰውዬ ጫማውን ለማሰር ሚስቱን የሚጠራ ሆነ። እንግዲህ እንዲህ ሆኖ ነው የመንግሥት ድጋፍ ተቀባይ የሆኑት። ወደው አይደለም። መቀስ የመጀመሪያውን ቀን ድጋፍ ቢሮው በር ላይ ደርሳ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች።

ድጋፉ እንዲሁ በነፃ የሚወርድ መና አልነበረም። በየወሩ ቢሮው ትሄድና «ባለመነጽሯ» የሚሏት ሠራተኛ ፊት ትቀመጣለች። ሥራ እየፈለገች እንደሆነ፣ ከተገኘም በማግስቱ መግባት እንደምትችል ትናገራለች። ይህንን አልችልም ያለ ሰው ድጋፉ ይቆምበታል ተብሎ ነው በሰፈሩ የሚወራው። ድጋፉ ከቆመ ደግሞ ኪራዩም የለሳኙም ሕክምና ገደል ገባ።

ታዲያ በዚህ መሀል አረገዘች። ስንት ዓመት ሲጠብቁት፣ ሲለምኑት፣ በመጨረሻም ተስፋ ቆርጠው ስሙን ማንሳት የተዉት ልጅ፣ ሁለቱም ሥራ ፈተው በተቀመጡበት ዓመት ከች አለ።

«ዘንድሮን መርጦ? አምና ምን ነበረበት!» አለች መቀስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ። ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ደግሞ እያለቀሰች ሳቀች።

«እንግዲህ ሆዴ፣ ቀጠሮ አልሰጠነው» አለ ለሳኙ። ደስታው ፊቱ ላይ ሲቀጣጠል አየችውና ደንግጣ አፉን በእጇ ያዘችው። ግድግዳው ስስ ነው፤ ከታች ደግሞ እትዬ ሬዲዮ አሉ።

እትዬ ሬዲዮ የሕንፃው ምድር ቤት የሚኖሩ፣ በራቸውን ዘግተው የማያውቁ ባልቴት ናቸው። አንድ ቀን ዝም ካሉ «ባትሪያቸው አልቆ ነው» ይባላል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያላቸውን ያካፍላሉ፣ ያላቸው ግን ወሬ ነው። መቀስ በነጋታው ልብስ የምታሰጣ መስላ ወረደችና «እትዬ፣ አንዲት ጓደኛዬ ድጋፍ ላይ ሆና አርግዛ…» ብላ ጀመረች።

«ድጋፍ ላይ ሆና?» እትዬ ሬዲዮ ደረታቸውን መቱ። «ወየው ጉዷ! የእህቴ ልጅ በወለደች በወሩ አይደል እንዴ ያቆሙባት! ሥራ መግባት የማትችል ሴት ምን ታደርግላቸዋለች? ደግሞ ክሊኒክ እንዳትሄድ ንገሪያት። የክሊኒኩ ኮምፒውተርና የቢሮው ኮምፒውተር ይነጋገራሉ፣ ከእኔ የባሱ ወሬኞች ናቸው። ሰዉስ ቢሆን ምን ይላል? የመንግሥት እጅ እያዩ ልጅ!»

ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል የመቀስ አንጀት ድረስ ገባች። እስቲ አሁን ደሃ ለመውለድ ማንን ያስፈቅዳል? ማኅፀንም ማመልከቻ ይጻፍለታል? ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህንን ፊት ለፊት ትናገረው ነበር። አሁን ግን እርጥቡን ሸሚዝ ገመዱ ላይ ገልብጣ ሰቅላው ደረጃውን ወጣች።

«ለምን ሄደሽ አትጠይቂያቸውም?» አላት ለሳኙ።

«ጠይቄ ቢያቆሙብንስ? አንተን በጀርባዬ አዝዬ፣ ልጁን በሆዴ ይዤ የት ልወድቅ ነው?»

ለሳኙ ወገቡን ይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ነገሩ በዚሁ አለቀ፤ ሆድ ይፍጀው ተባለ።

ሌላ ሴት ብትሆን ሻርፕ ጣል ታደርጋለች፣ ቦርሳ ታቅፋለች። መቀስ ግን ልብስ ሰፊ ናት። ያሳታትም ይኸው ነው፤ በደንብ የተሰፋ ጨርቅ የማይሸፍነው ነገር ያለ አይመስላትም። ከጡት ሥር የሚጀምር፣ ሽንሽኑ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ሰፊ ቀሚስ ሰፋች። ለብሳው መስታወት ፊት ቆመች። ሆዱ ጠፋ። ግን አንድ ነገር ከነከናት። በዚህ ደረጃ ላይ ከሚወጡና ከሚወርዱ ሴቶች ሁሉ እሷ ብቻ ድንኳን ለብሳ ብትታይ አይጠረጥሩም?

ስለዚህ ሁሉንም አለበሰቻቸው!

«ጨርቅ አምጡ፣ እጄ እንዳይፈታ በነፃ ልስፋላችሁ» አለቻቸው። ማን እምቢ ይላል? ጎረቤቷ አስተማሪ ሰማያዊ አሰፋች፤ የሰባተኛ ፎቅ መንትዮች አበባ ያለበት አሰፉ። እትዬ ሬዲዮማ ዓይን የሚወጋ ቢጫ አሰፍተው፣ ለብሰውት ሲወርዱ ደረጃው በራ። እንደ ሸንበቆ የቀጠነችው ፀጉር ሠሪ ሳትቀር ነፋስ የገባበት መጋረጃ መስላ ትሄድ ጀመር። ለሳኙ በመስኮት ቁልቁል እያየ እስኪያመው ይስቃል። «አንቺ ሴትዮ፣ ሰፈሩን ሁሉ አስረገዝሽው እኮ!»

መቀስም ትስቃለች። ግን ሳቋ ከጉሮሮዋ አይወርድም። ክሊኒክ ሳትረግጥ ወሩ እየገፋ ነው። እግሯ አብጦ ጫማዋን አልገባ አለ። ራስ ምታቱ ሲነሳባት መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ያቅታታል፤ ዓይኗ ፊት ነጫጭ ነገር ይበርራል። «ሙቀቱ ነው» ትላለች። ለሳኙ እግሯን ጭኑ ላይ አድርጎ እያሸ «ሆዴ፣ እፈራለሁ» ይላታል። እሷም ትፈራለች፣ በጣም ትፈራለች፤ ልጁን ለማኖር ብላ ልጁን እንዳታጣው። ይህቺን ሐሳብ ግን ለራሷም ጮክ ብላ አልተናገረቻትም።

አንድ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ሬዲዮ በቢጫ ቀሚሳቸው በሩን ሞልተው ቆመዋል። ከኋላቸው ደረጃው ያደከማት ባለመነጽሯ አለች።

«እንግዳ አመጣሁልሽ!» አሉ እትዬ ሬዲዮ፣ ትልቅ ውለታ እንደዋሉ ሁሉ።

መቀስ «ይግቡ፣ ይግቡ» ብላ ከወንበሯ ብድግ ስትል ቤቱ ዞረባት። የስፌት መኪናዋን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ የያዘችው ግን የባለመነጽሯን ትከሻ ነበር። ሴትየዋ ቦርሳዋን ወርውራ በሁለት እጇ አቀፈቻት፣ ቀስ አድርጋም አልጋው ላይ አስቀመጠቻት።

«ስንተኛ ወርሽ ነው?» አለች ባለመነጽሯ።

«የምኑ?» አለች መቀስ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

«እህቴ፣ እኔ ሦስት ወልጃለሁ። ቀሚሱስ ግሩም ነው፤ ወንበር ላይ ስትቀመጪና ስትነሺ ግን የሚታየው ሌላ ነው። ባለፈው ወር መጥተሽ ስትሄጂ አውቄያለሁ። ራስሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅሁ። በዚህ ወር ስትቀሪብኝ መጣሁ።» ከዚያ ቁልቁል እግሯን አየችና ድምፅዋ ተለወጠ። «ክሊኒክ ምን አሉሽ?»

መቀስ እግሯን በቀሚሱ ሽንሽን ሸፈነች። ለሳኙ ግን አላስቻለውም። «ሄዳ አታውቅም! ድጋፉን ታቆሙብናላችሁ ብላ ነው። ለእኔ ብላ ነው!» አለና እንደ ልጅ አለቀሰ።

ባለመነጽሯ መነጽሯን አወለቀች። «ያረገዘች ሴት ሥራ ፈልጊ አትባልም እኮ! ክሊኒኩም በነፃ ነው። ልጁ ሲወለድ ድጋፉ ይጨመራል እንጂ ለምን ይቆማል? ማነው እንዲህ ያለሽ?»

ሁሉም ወደ ቢጫው ቀሚስ ዞሩ።

«የእህቴ ልጅ…» አሉ እትዬ ሬዲዮ፣ ድምፃቸው እየቀጠነ። «የእህቴ ልጅ አቁመውባታል እኮ… እርግጥ ያን ጊዜ ያንን ባንክ የሚሠራውን አግብታ ነበር…»

ለመሳቅ ጊዜ አልነበረም። የቢሮው መኪና ታች ቆሟል። ለሳኙ በማይታዘዝ ወገቡ የደረጃው መደገፊያ ላይ እየተንጠለጠለ ተከተላቸው፣ ቆይ ቢሉት አልሰማም። ክሊኒኩ ውስጥ አዋላጇ የደም ግፊቷን ለክታ አንዴ፣ እንደገና ለክታ ሁለቴ ተቆጣች። «ትንሽ ብትቆዪ ሁለታችሁንም አናገኛችሁም ነበር!» አለች። ከዚያ ግን ቅባት ቀብታ ሆዷ ላይ ማዳመጫ መሣሪያውን አስጠጋችና ቆመች። ክፍሉን ፈጣን፣ ድብ ድብ የሚል ድምፅ ሞላው።

«ይሄ ምንድነው?» አለች መቀስ።

«ልቡ ነዋ!»

መቀስ ያን ሁሉ ወር የሸሸገችውን ለቅሶ እዚያው ለቀቀችው። ልጁ በሕይወት አለ። እየሮጠ ነው የሚመጣው። ለሳኙ የአልጋውን ብረት ይዞ «እናቴ ትሙት፣ እየሮጠ ነው» ይላል ደጋግሞ።

አስተኟት። ከአልጋ እንዳትወርድ ተባለች፤ ለመቀስ ይህ ከእስር አይተናነስም። ነርሶቹን የጋውናቸው ትከሻ ጠማማ ነው እያለች አስጨነቀቻቸው፤ በመጨረሻ አንዷ መርፌና ክር ሰጥታት ተገላገለች። እትዬ ሬዲዮ በየቀኑ እየመጡ ከአልጋዋ ግርጌ አቀርቅረው ይቀመጣሉ። «እኔ ነኝ ገዳይሽ» ይላሉ። መቀስ ጥቂት ቀን አኮረፈቻቸው፤ አለማኩረፍ አትችልም፣ ተናዳ ነበር። በኋላ ግን «እትዬ፣ እርስዎ ነገሩኝ፣ እኔ ደግሞ አመንኩ። እንግዲህ ሁለታችንም ጅል ነን» ብላ ሳመቻቸው።

ልጅቷ ከጊዜዋ ቀድማ ተወለደች። ሴት ናት፣ ከዳቦ ብዙም አትበልጥም። በሞቀ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ስትከርም መቀስ ከጎኗ አልተነሳችም። የወገብ ሕመምተኛው አባት እንኳ ወንበር ላይ ተጣጥፎ ያድር ነበር። ከዚያ ጡት ያዘች፣ ወፈረች፣ ደረቷ ሞላ፣ ድምፅዋም ወጣ። እንዴት ያለ ድምፅ! ሐኪሙ እየሳቀ «ይህቺን ውሰዷት፣ ሌሎቹን አላስተኛ አለች» ብሎ ሸኛቸው።

ልጅቷ ስትጠነክር መቀስ አቅፋት ድጋፍ ቢሮ ሄደች፣ ልታስመዘግባት። አዳራሹ ሞልቷል። ሰው ሁሉ ጉልበቱን ገጥሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ተራውን ይጠብቃል። እሷም እዚያ ወንበር ላይ እንዲሁ አንገቷን ደፍታ ስንት ጠዋት አሳልፋለች። ልጅቷ ይህንን ከየት ታውቃለች? አፏን ከፈተችና ለቀቀችው። የመስኮቱ መስታወት እስኪነዝር ጮኸች። ሰዎች ዞር ዞር አሉ። ጥበቃው እየተጣደፈ መጣ።

«እህቴ፣ እባክሽ ዝም አሰኚያት፤ ሰው ሥራ ላይ ነው።»

«አይ ወንድሜ፣ ትጩህ!» አለች መቀስ። «ስንት ወር ሙሉ ሆዴ ውስጥ ዝም አሰኝቻታለሁ። ይበቃታል።»

ከወዲያ በር ተከፍቶ ባለመነጽሯ አንገቷን አወጣች። «የማን ልጅ ናት እንዲህ የምታቀልጠው?»

መቀስ ተነሳች። አዳራሹ በሙሉ እያያት ነበር።

«የኔ!» አለች አፏን ሞልታ። «የኔ ልጅ ናት!»