ባለ መፈልፈያዎቹ በእኛ ሳሎን የተማማሉ ጊዜ

የቀይ ቡና ገለፈት ኮምጠጥ ያለ ሽታ በመጣብኝ ቁጥር የቦንጋው ቤታችን ትዝ ይለኛል። አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ የቡና መፈልፈያ ነበረው፣ መኸር ሲገባ ሴቶቹ በማድረቂያ አልጋው ግራና ቀኝ ቆመው በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ እየዘፈኑ ይለቅሙ ነበር፣ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ መሀላቸው ገብቼ አብሬ እዘፍን ነበር።

ከለቃሚዎቹ አንዷ፣ አየለች የምትባለው፣ እናቴ እኔን ስትወልድ ያራሰቻት ሴት ነበረች። አንድ መኸር እሷም ወልዳ፣ ሕፃኗን አዝላ ወደ ሥራዋ ስትመለስ፣ የለቃሚዎቹ አለቃ «ቦታሽ ተይዟል» ብሎ ከበር መለሳት። ይህን ሲሰሙ ሴቶቹ ሥራ አቁመው መሬት ላይ ተቀመጡ፣ የአካባቢው ሌሎች መፈልፈያዎች ለቃሚዎችም ተከተሏቸው።

ያን ቀን ማታ ባለ መፈልፈያዎቹ እኛ ሳሎን ተሰበሰቡ። «ዛሬ አንዷን ብንመልስ ነገ የሚያዙን እነሱ ናቸው» አሉ የወንዝ ማዶው ጋሽ ተክሌ፣ ሁሉም ሥራ ያቆሙትን ሴቶች ላይመልሱ፣ ከሺሺንዳ ከተማ ሌሎች ሊያስመጡ ተማማሉ። አባቴም መኪና ተከራይቶ ሊልክ ቃል ገባ።

እንግዶቹ ሲሄዱ እናቴ «እኔን ያራሰች ሴት ስለወለደች ትባረር?» አለችው።

«ቃል ሰጥቻለሁ፣ አትግቢበት።»

 በማግስቱ እናቴ እጄን ይዛ ሄዳ ከሴቶቹ መሀል ተቀመጠች። የተከራየው አይሱዙ መኪና ደርሶ የሺሺንዳዎቹ ሊወርዱ ሲሉ የባለቤቱን ሚስት አፈር ላይ አይተው ምክንያቱን ጠየቁ፣ እናቴ በካፊኖኖ ነገረቻቸው፣ እርስ በርስ ተያይተው አንዳቸውም ሳይወርዱ ቀሩ።

አባቴ አልጋው ላይ የሚያገላብጠው አጥቶ መሻገት የጀመረውን ቡና እያየ ብዙ ቆመ፣ በመጨረሻም «አየለች፣ ግቢ» አላት።

አልተነሳችም። «ጋሼ፣ ነገ ሌላዋ ስትወልድስ?»

«ሌላዋም» አለ፣ ሴቶቹም ልብሳቸውን አራግፈው ተነሱ።

በጋውን ሙሉ ጋሽ ተክሌና ወዳጆቻቸው ደጃችንን ሳይረግጡ ከረሙ፣ በእነሱ ምክንያት መኪና የሚያከራየን ጠፍቶ ቡናችን እስከ በልግ መጋዘን ተኛ፣ አባቴ ግን ለሴቶቹ የሰጠውን ቃል አላጠፈም፣ በቀጣዩ መኸር ሁለት አራሶች ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ዛሬ መፈልፈያውን የምመራው እኔ ነኝ። ያኔ ከእናቴ ጎን መቀመጥ ቀላል ነበር፣ እሷን ብቻ ጎበዝ አድርጌ አይ ነበር። አሁን ለቃሚዎቹ ጥያቄ ይዘው ሲመጡ፣ እሺ ከማለቴ በፊት የማስበው አባቴን ነው።